ጎጆን የዞርኩባቸው ጠዋቶች

የካቲት 3

ዛሬም እንደ ወትሮው። ሻዬን ይዤ ገባሁ፣ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁ። ክፍሉ ሞቅ ብሏል። ሦስቱ የኮምፒውተር ማሽኖቼ ያንጎራጉራሉ... ጎምቱው በወፍራም ድምፁ፣ አኩራፊው በአፍንጫው። ጨቅላው ድምፅ የለውም፣ አረንጓዴ መብራቱን ብቻ ብልጭ ድርግም ያደርጋል። መስኮቱ ላይ ጉም ተኝቷል። ውጭ የሚባል ነገር ያለ አይመስልም።

ዙሬን ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት አሥር አሥራ ሁለት ገጽ፣ በተራ በተራ። ዓመት ሳይሞላ ጎጆን፣ የነጻ ዌብሳይቶች ሰፈሬን፣ አዳርሼ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሥራ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሰዎች "ነጻ ዌብሳይት የሚሰጥ አለ" ሲባል ሰምተው መጡ፣ ሰጠኋቸው፣ ጎጆ ወጡ። እንዴት ሰነበታችሁ ብሎ ብቅ ማለት ወግ አይደል?

ዛሬ ተራው የጫማ ሠሪው ነበር። ገጹ ሙሉ የተበሉ ሶሎች ፎቶ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ መስመር። "ይህ ሰው ወደ ግራ ያዘነብላል። ምን ተሸክሞ ይሆን?" ከሱ ቀጥሎ ያ "በግንባታ ላይ ነን፣ በቅርቡ ይጠብቁን" የሚለው። ከተከፈተ ጀምሮ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያኔ ልጄ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ባል አግብታ፣ ሌላ ከተማ ሄዳ፣ ነፍሰ ጡር ናት። በቅርቡ ማለት መቼ ነው? እኔ ግን ሁልጊዜ አምኜው ነው የምወጣው።

ባለቤቴ ከበሩ ማዶ፦ "ከጣውንቶቼ ጋር ጨረስክ ወይስ ቁርሱን እዚያው ላምጣልህ?"

የዲስኩ ነገር... ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ነገ አስብበታለሁ።

የካቲት 8

የመብራት ሒሳብ መጣ። ባለቤቴ ወረቀቱን የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ፊት ለፊት እንፋጠጣለን።

ነጻ ነው ስል ለእነሱ ነጻ ነው እንጂ... መብራቱ አለ፣ የኢንተርኔት መስመሩ አለ፣ የዌብሳይቱ ስም ዓመታዊ ክፍያ አለ። ዲስክ ደግሞ ያረጃል። አንዱ መታመም ሲጀምር አዲስ እገዛለሁ፣ ያለውን ሁሉ አሻግራለሁ፣ ከዚያ ሌላው ይታመማል። ገጾቹ ሥር "ለመብራት ብትደግፉን" የሚል ቁልፍ አለ። የሚጫነው ጥቂት ነው። አንዱ በየወሩ ትንሽ ይልካል፣ "ለሻይ" ብሎ ይጽፍበታል። እውነትም ለሻይ ትበቃለች። የቀረውን ጡረታዬ ይሸፍነዋል። ስልክ መሥሪያ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መስመር ስቀጥል ኖሬ፣ ጡረታዬም መስመር ላይ አለቀ። ያስቃል።

የካቲት 12

ልጄ ደወለች። ልትመጣ ነው! ባሏ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፣ ለወሊዱ አይደርስም። "አባዬ፣ እናንተ ጋ ብወልድ ይሻለኛል" አለች። ደስታዬ ወሰን አጣ። "ነይ፣ ነይ፣ ነይ" እያልኩ ሌላ ቃል ጠፋኝ።

ከዚያ ባለቤቴ እጇን እየጠረገች፦ "ክፍሏን ማጽዳት አለብን።"

ክፍሏን።

ክፍሏ ይሄ ነው። አሁን የተቀመጥኩበት። የመጀመሪያውን ማሽን ጥግ ላይ ሳስቀምጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እሷ ሄደች፣ ማሽኖቹ ተባዙ። ቤቱ ሌላ ትርፍ ክፍል የለውም። ሙቀቱ፣ ድምፁ፣ የገመዱ መዓት... አራስ እዚህ መሃል እንዴት ትተኛለች?

"እስክትወልድ ጊዜ አለህ" አለች ባለቤቴ፣ ለስለስ ብላ። "አንዱን ኮሪደሩ ላይ ማድረግ ትችላለህ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ። አንዱን።"

ኮሪደሩ ላይ የሚሆነው ጨቅላው ብቻ ነው። ሦስቱ ተሸክመው የኖሩትን እሱ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ወይ ጎጆን ጨቅላው ውስጥ እስኪገባ አሳንሰዋለሁ፣ ወይ እዘጋዋለሁ። ሌላ ምርጫ ካለ አልታየኝም።

የካቲት 15

ማሽን በኪራይ የሚያስቀምጥ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ወርሃዊውን ሲነግሩኝ አመስግኜ ዘጋሁ። ጡረታዬን ሁለት ጊዜ ብቀበል ምናልባት።

የውርርድ ድርጅቱስ? አምና ጽፈውልኝ ነበር። በየገጹ አናት ላይ ትንሽ ማስታወቂያ፣ በየወሩ ደህና ገንዘብ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ ብዬ ለሙከራ ለቀቅኩት። ከሰዓት በኋላ ዞር ዞር ብዬ ሳይ፣ ያቺ ለሞተ ልጇ በልደቱ ቀን ደብዳቤ የምትጽፍ እናት ገጽ ላይ ደረስኩ። ከደብዳቤዎቹ በላይ ወርቃማ ሳንቲሞች ይዘንባሉ። "ዛሬ ዕድልዎን ይሞክሩ!" ይላል። ፊቴ ነደደ። ወዲያው አነሳሁት። እሷ አላየችው ይሆናል... እኔ ግን አይቼዋለሁ።

የካቲት 19

ጎጆ ጨለመ። ስነሳ አንድም ገጽ አይከፈትም። ማሽኖቹ ያንጎራጉራሉ፣ መስመሩ ግን ሞቷል። መስመሩን የሚያከራየኝ ድርጅት ጋ ደወልኩ፣ አንዲት ልጅ አነሳች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ባንክ የሚመስል ገጽ ተከፍቷል። የሰው ሚስጥር ቁጥር እየሰበሰበ ነው። ስለዚህ በሙሉ ዘግተነዋል።"

"እኔ ጋ እኮ ሦስት ሺህ ገጽ ነው ያለው፣ ልጄ። በአንድ ሌባ ሁሉም ይዘጋል?"

"እኛ የሚታየን ሰፈሩ እንጂ ቤቱ አይደለም። ያጥፉትና ይደውሉልኝ፣ እሺ ጋሼ?"

ፈልጌ አገኘሁት። ስሙ የውሸት፣ ኢሜይሉ የውሸት። ገጹ ግን ከእውነተኛው ባንክ ያምራል። አጠፋሁት። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተመለሰ። አዲስ ምዝገባ ዘጋሁ፣ "ለጊዜው" ብዬ ጻፍኩበት። በሬን ክፍት የማደርገው ለማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ የሚገባውን ግን አላውቅም።

በመሃል ልጄ ደወለች፣ ድምፅዋ ተቀይሮ። "አባዬ! ደህና ነህ?" ደህና ነኝ፣ ምን ሆነሻል? "ምንም... እንዲሁ።" እንዲሁ የሚባለው እንዲህ ተብሎ ነው እንዴ? ነፍሰ ጡር ስለሆነች ሆድ ብሷት ይሆናል።

የካቲት 24

የጽዳት ፕሮግራሙ ትዝ አለኝ! ድሮ ጽፌ የተውኩት። ዓመት ሙሉ ማንም ያልጎበኘውን ገጽ ለይቶ ያወጣል፣ እኔ አጠፋለሁ። ሲመዘገቡም ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አይበደልም። ይህን ሁሉ ቀን ስብሰለሰል መፍትሔው አፍንጫዬ ሥር ነበር።

አስነሳሁት። ሻይ አፍልቼ ስመለስ ጨርሷል። ያወጣው ገጽ፦ ምንም።

እንደገና አስነሳሁት። ምንም።

አንድም የተረሳ የለም! ሦስት ሺህ ገጽ፣ ያ "በግንባታ ላይ" የሚለው እንኳ፣ ሁሉንም ዓመት ሳይሞላው ሰው ጎብኝቶታል። ሮጬ ኩሽና ገባሁ። "ሰማሽ? አንድም ባዶ ቤት የለም!"

"ደስ ይላል" አለች። "ታዲያ ልጅቷ የት ትተኛ?"

ጭንቀቱ እንዳለ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም። እንጀራ ልገዛ ወጥቼ መንገድ ላይ የማያቸው ሰዎች ሁሉ የጎጆ ሰዎች ይመስሉኛል። ያቺ ጃንጥላ የያዘችው... ያ ሽማግሌ... ማን ያውቃል? ትናንት ማንን ጎብኝተው ይሆን? ለካ ከተማ ነው የሠራሁት።

የካቲት 30

መጣች። ሆዷ ቀድሟት ገባ። ሳሎን ሶፋው ላይ እናንጥፍልሽ ብንል እምቢ አለች። "ክፍሌ እያለ?" አልጋዋን ማሽኖቹ መሃል ዘረጋንላት፣ ለጊዜው። ባለቤቴ "ይሄ ጩኸት..." ብላ ሳትጨርስ፣ "እማዬ፣ እኔ በሱ አይደል እንዴ ያደግኩት? እንዲያውም ያስተኛኛል።" ራሷን ትራሱ ላይ እንዳሳረፈች ጭልጥ አለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። አረንጓዴው መብራት ጉንጯ ላይ ብልጭ፣ ድርግም... መልሳ ስምንት ዓመቷ ሆነች።

መጋቢት 2

አሁን ዙሬን የምዞረው የልጄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ታየኛለች። አንድም ባዶ ቤት እንደሌለ ነገርኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ከትራሷ ቀና አለች። "አባዬ... ፕሮግራሙ ያንተንም ይቆጥራል?"

"የእኔን ምኑን?"

"እንዲህ ስትዞር። አንተም እኮ ጎብኚ ነህ።"

በቀን አሥር አሥራ ሁለት። ዓመት ሳይሞላ አዳርሳለሁ...

ሻዩን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ልጄ ባልተናገርኩ ብላ ይመስለኛል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መጋቢት 3

የእኔን አውጥቼ አስቆጠርኩ። ሰው ያልሆኑትን፣ ኢንተርኔቱን ሲያስሱ የሚውሉትን ፕሮግራሞችም አወጣሁ።

ከሦስት ሺህ፣ ሁለት መቶ ምናምን ቀሩ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መጋቢት 7

ዛሬም አልዞርኩም።

መጋቢት 11

ሕልም። ጭጋጋማ መንገድ ላይ እሄዳለሁ። ግራና ቀኝ ቤቶች፣ በየመስኮቱ መብራት። ደስ ይላል። አንዱን አንኳኳለሁ፣ ማንም የለም። ሌላውን... ማንም። ዞር ስል ያለፍኳቸው መስኮቶች አንድ በአንድ እየጠፉ ነው። እጄን አየሁ። ለካ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤቶቹ የሚያበሩት እኔ ስጠጋ ብቻ ነው።

ነቅቼ ጣሪያውን እያየሁ ተጋደምኩ። የሚያሳፍረኝ ምኑ ነው? ማንንም አልዋሸሁም። ግን ይህን ሁሉ ዓመት የራሴን ዱካ እየቆጠርኩ ሰው መጣ፣ ሰው መጣ ስል መኖሬ... ቅስሜ ተሰበረ። ባለቤቴ ገብቷታል። ማሽኖቹን ጣውንቶቼ ማለት ትታለች። ቀልዷ ናፈቀኝ።

መጋቢት 13

ለሁሉም ጻፍኩ። "ጎጆ እየጠበበ ነው። ንብረታችሁን ውሰዱ። መቆየት የምትፈልጉ አንድ ቃል መልሱልኝ፣ ማንኛውንም ቃል።" ላክሁት። ወዲያው ይመለስ ጀመር። አድራሻው የለም። አድራሻው የለም። አድራሻው የለም...

ያንን እያየሁ፣ እግረ መንገዴን የተረፉትን የሁለት መቶዎቹን መዝገብ ማገላበጥ ያዝኩ። አንዱ አስገረመኝ። የድመቷ ገጽ። ልጄ በስምንት ዓመቷ የሠራችው፣ የጎጆ የመጀመሪያው ገጽ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም አላለቀም፦ "ድመቴ ትናንት አጥር ላይ ወጥታ"። ለእራት ተጠርታ ይሆናል፣ በዚያው ቀረ። ይህን ገጽ አንድ ሰው በየቀኑ ጠዋት ይከፍተዋል። ለዓመታት፣ ክረምት ከበጋ። እስከ የካቲት ሃያ ዘጠኝ። ከዚያ ወዲህ የለም።

የካቲት ሠላሳ ማን መጣ?

ሳሎን ገባሁ። ልጄ ብርቱካን ትልጣለች። "አንቺ ነሽ?"

ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ቀላ አለች። "ከተከፈተልኝ ማሽኑ በርቷል ማለት ነው። ማሽኑ ከበራ አንተም ደህና ነህ፣ ሻይህን ይዘህ ገብተሃል። ከዚያ ሥራዬን እጀምራለሁ።"

"ለምን አትደውዪም ታዲያ?"

"ብደውልማ ታወራለህ! ከሥራ እባረራለሁ እኮ አባዬ።"

ሳቅን። ከዚያ የካቲት አሥራ ዘጠኝ ትዝ አለኝ... ጎጆ የጨለመ ዕለት፣ "ደህና ነህ?" ያለችኝ። ብርቱካኑን ገምሳ ሰጠችኝ። ተቀብዬ ጎኗ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 16

ለካ ደብዳቤዬ ለግማሹ ሰው አልደረሰም። የዚያ ሌባ መዘዝ። የጎጆ ስም ከአጭበርባሪዎች ጋር ተመዝግቦ፣ የምልከው ሁሉ የሰዎቹ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። ለመስመር ድርጅቱ ልጅ ደወልኩላት። "ጋሼ፣ ስም አንዴ ከጠፋ መመለሱ ጣጣ ነው" አለች። ግን ጻፈችልኝ፣ ላይ ታች አለችልኝ። እስኪስተካከል ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ ከራሴ አድራሻ እልካለሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ስሞቹን ታነብልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ አብረን ከተቀመጥን ስንት ጊዜ ሆነን?

መጋቢት 20

ዛሬ ዞርኩ። አዎ፣ ዞርኩ።

መልስ እየመጣ ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን እየመጣ ነው።

"አለሁ።"

"እባክዎ ይቆይልኝ፣ አባቴ የጻፈው ነው።"

"ይህ ነገር አሁንም አለ?! ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር! ባለቤቴ ሳያየው ቶሎ ያጥፉልኝ።" ከማጥፋቴ በፊት ገብቼ አየሁት። የፍቅር ግጥም ነው... ይጥፋ፣ እውነቷን ነው።

ጫማ ሠሪው፦ "ሰው የሚያየው አይመስለኝም ነበር። እርስዎ ያዩታል?" አየዋለሁ፣ ብዬ መለስኩለት። ብዙ ሌላ ነገር ልጽፍለት ፈልጌ ተውኩት።

ያ "በግንባታ ላይ" የሚለውም መለሰ! "በቅርቡ እንጨርሳለን።" ሳቄ አመለጠኝ። ባለቤቴ ምን ሆነ ብላ ማንኪያ እንደያዘች መጣች።

መጋቢት 25

ያልመለሱትስ? ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። አጥፋ የሚለው ላይ ጣቴን አሳርፌ ተቀመጥኩ... አልሆነልኝም። ባለቤቴ ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠች። "እስቲ አሳየኝ" አለች። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ብላ አታውቅም። እኔም ነይ እይ ብያት አላውቅም።

ጮክ ብላ ታነባለች። የሰፈር ቼዝ ክለብ፤ ጸሐፊው ሁልጊዜ የሚሸነፈው ሰውዬ ነው፣ ሽንፈቱን በዝርዝር ይተርካል። "ይሄን አትንካው" አለች። የሁለት እህትማማቾች ገጽ፤ አንደኛዋ ስትጽፍ ሌላዋ ከሥሩ "ውሸት ነው" ትላለች። "ይሄንንም።" ዝናብ የዘነበበትን ቀን ብቻ የሚመዘግብ ሰው። "ውይ፣ ይሄንንማ..."

"አንቺ ሴትዮ፣ የማጠፋውን ልታሳዪኝ አይደል የተቀመጥሽው?"

"ዝም በልና ክፈት።"

ከዚያ ከአንዱ ስም አጠገብ ያለውን ቁጥር እያሳየች፦ "ይሄ ለምን እንዲህ ከበደ?" ከፈትኩት። ገጹ ባዶ ነው። ከጀርባው ግን ፊልም ታጭቆበታል፣ በመቶ የሚቆጠር። ሌላም እንዲሁ። ሌላም... ነጻ ዌብሳይት ብለው ወስደው የፊልም መጋዘን አድርገውኛል! የጎምቱው ግማሽ ሆድ በዚህ ነው የተሞላው። እኔ የፊት ለፊቱን ብቻ ነበር የምዞረው፣ ጓሮ ገብቼ አላውቅም።

"ጣውንቶቼ እንግዳ ያሳድራሉ በለኛ" አለች ባለቤቴ። ተመለሰች!

መጋቢት 29

ልጄ ከእንቅልፏ ቀና ብላ፦ "አባዬ፣ አኩራፊው ድምፁ ተቀይሯል።" እኔ አልሰማሁም ነበር። ጆሮዬን ሳስጠጋ... ቀጭን ቀጭ ቀጭ። ዲስኩ ሊሞት ነው። የእናቲቱ ደብዳቤዎች፣ የቼዙ ሰውዬ፣ ጫማ ሠሪው፣ ሁሉም እሱ ላይ ናቸው። የመጨረሻውን ቅጂ የያዝኩት ደግሞ መቼ ነበር? ለቅጂ የሚሆን ዲስክ ልግዛ ልግዛ እያልኩ ገንዘቡ የመብራት ሆነ።

ባለቤቴ ለልጅ አልጋ ካስቀመጠችው ገንዘብ ላይ አወጣች። "አልጋው ይደርሳል፣ ሂድ" አለች። ገዝቼ ሮጬ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ሦስታችንም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ሲገለበጥ ጠበቅን። ቀጭ ቀጭ... ያዝ ሲያደርግ እኛም ትንፋሽ እንይዛለን። ሲቀጥል እንተነፍሳለን። ሲመሽ አለቀ፣ አንድም ፋይል ሳይጎድል። ልጄ ማሽኑን እንደ በግ መታ መታ አደረገችው።

ሚያዝያ 3

መጋዘኖቹን አጠፋሁ፣ ቅር አላለኝም። ግን አሁንም ጨቅላው አይችለውም። የሚከብደው ፎቶው ነው። ጽሑፍ አይከብድም፤ የሦስት ሺህ ሰው ቃል ተሰብስቦ የአንድ ሠርግ ፎቶ ያህል ቦታ አይዝም። ደጋግሜ አሰላሁት። የመለሱልኝ ከነፎቷቸው ይቆያሉ። ያልመለሱት ቃላቸው ይቆያል፣ ፎቷቸው ይሄዳል።

አደረግኩት። ሲያልቅ ዞርኩ። ፎቶው የነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ነው፣ ከሥሩ ጽሑፉ አለ። "ይህቺ ቤታችን ናት።" "ከግራ ሁለተኛው ወንድሜ ነው።" "እዚህ ጋ ስስቅ ነው፣ ምን እንዳሳቀኝ ረስቼዋለሁ።" "ጀርባዋን የሰጠችን እሷ ናት።" አነበብኩ፣ አነበብኩ... ዐይኔን ስጨፍን ሁሉም ይታዩኛል፣ ስንት ጊዜ ዞሬባቸዋለሁ። ሌላ ሰው ግን ከእንግዲህ አያያቸውም። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። አለቀስኩ። ባለቤቴ ትከሻዬን ይዛ ቆመች።

ሚያዝያ 9

ሁሉም ጨቅላው ውስጥ ገባ። ኮሪደሩ ላይ ነው አሁን፣ ከጫማዎቹ በላይ፣ ከጃንጥላው አጠገብ። ከአንድ አምፖል የበለጠ መብራት አይበላም። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ቢለጠፍም አልፈራውም። ምዝገባው እንደተዘጋ ይቀራል። "ለጊዜው" የሚለውን ቃል አወጣሁት። አዲስ ሰው አይመጣም። ያሉት ግን ይኖራሉ፣ እኔ እስካለሁ።

ጎምቱውን አጠፋሁት። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ... ቀጥ አለ። አኩራፊው እንደ ልማዱ አልጠፋም ብሎ ተለማመጥኩት። በመጨረሻ እሱም።

ዝምታው! ጎረቤት ማንኪያ ሲያስቀምጥ ይሰማል። ልጄ ተኝታ ነበር፣ ነቃች። ሆዷን ያዘች። "ተራገጠ፣ አባዬ። ምን አደረግክ?"

ሚያዝያ 16

ኮሪደር ላይ ቆሜ ስዞር የድመቷ ገጽ ላይ አዲስ መስመር አየሁ። "ዛሬ ወረደች" ይላል።

ሚያዝያ 19

ሴት! ሁለቱም ደህና ናቸው። ሌላውን በኋላ እጽፋለሁ፣ አሁን ላያቸው ልሮጥ።

ሚያዝያ 24

ሕፃኗ ክፍሉን እምቢ ብላለች። ከሐኪም ቤት ከመጣን ጀምሮ... ጠግባም፣ ደርቃም፣ ሞቋትም ታለቅሳለች። ባለቤቴ እሹሩሩ ስትል ድምፅዋ ሰለለ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ዐይኗ ይከደናል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ መጋረጃው አዲስ ነው። ማሽኖቹ የነበሩበት ወለል ላይ ብቻ ሁለት የገረጡ ቦታዎች ቀርተዋል።

ጠዋት ነው፣ መስኮቱ ላይ ጉም። ዙሬ ላይ ነበርኩ፣ ተራው የዝናቡ ሰውዬ ነው። ሻዬን ጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ገባሁ። "እስቲ እኔ ልሞክር።" ደረቴ ላይ አስተኛኋት። ምን እንደምላት አላወቅኩም፤ ዜማ አይሆንልኝም። ያለኝ አንድ ነገር ነው... አፌን ገጥሜ በአፍንጫዬ ጀመርኩ። ቀጥ ያለ፣ ዜማ የሌለው። አንዳንዴ ያዝ የሚያደርገው፣ ከዚያ የሚቀጥል።

ዝም አለች። ዐይኗን ገልጣ አየችኝ፣ እንደሚያውቁት ሰው። ከዚያ ከደነችው።

ማቆም ፈራሁ። ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቋን ታፍናለች። ልጄ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ ከእንቅልፍ ዳር ሆና፦

"አባዬ... የትኛው ነው?"

"አኩራፊው" አልኳት ትንፋሽ ሰርቄ። ቀጠልኩ።